ዓይን ውስጥ የገባችው መርከብ

ባለፈው ጥቅምት ለዓይኔ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝና ማራኪ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ታክሲ ስጠብቅ እግሬ ደከመኝ። ከአጥሩ ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ፣ ከአንዲት ተማሪ አጠገብ አረፍ አልሁ። ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ባስቀመጠችው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ በቀጭን ብዕር መሳይ ነገር ትሥላለች። ሰረቅ አድርጌ ሳይ ቀይ አፈር ላይ የቆመ፣ ራሱን ክብ ብርጭቆ ውስጥ የከተተ ሰው ነው። "ምንድን ነው እሱ ልጄ?" አልኋት። "በሥዕል የሚነገር ልብ ወለድ ነው እማማ፤ ወደ ህዋ ስለሚሄዱ ሰዎች" አለችኝ። ሰውዬው ወደ ጎን ነው የዞረው። "ምነው በአንድ ዓይን ሣልሽው፣ ክፉ ነው እንዴ?" ብላት ግራ ገብቷት አየችኝ። ላስረዳት አፌን ከፈትሁና ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ሁለት ታክሲ አለፈኝ። ወዴት ልሄድ እንደወጣሁም ለጥቂት ጊዜ ተረሳኝ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ማራኪ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር። እኛ የምንኖረው አውቶፓርኮ ሰፈር፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ረድፍ ቤት ውስጥ፣ ከዳር ሁለተኛው በር ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ትምህርት ቤት ብርቱካን ከታደለን ዓመት በፊት ይሁን በኋላ እኔም እጠራጠራለሁ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ፖስታ ቤቱ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት የምትሸጠውን የአምስት ሳንቲም ብስኩት፤ ወጣቶቹ ፒያሳ ሲኒማ ቤቱ ፊት ሲቆሙ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው እንዴት አድርገው እንደሚጠቀልሉት፤ ሴቶቹ ከነጠላቸው ሥር የሚለብሱትን፣ ወገቡ ጠበብ ታቹ ሰፋ ያለውን ባለአበባ ጉርድ። ሲኒማ ቤቱ ፊልም ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ማጉያ የፈረንጅ ዘፈን ይለቅ ነበር። ቃሉን ስለማናውቀው በራሳችን አማርኛ ሞልተን እንዘፍነዋለን። አንዱን ዘፈን እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ስለ ሽምብራ ቂጣ የተዘፈነ አድርጌ ነው። በእውነቱ ምን እንደሚል የነገረኝ ሰው የለም።

አባቴ አለቃ ይትባረክ ይባላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ክረምቱን ቤት ውስጥ ሸራ ላይ ይሥላሉ፤ በበጋ ጥሪ ሲመጣላቸው ወደ ወገራም ወደ ጭልጋም በበቅሎ ሄደው የደብር ግድግዳ ሲሥሉ ይከርማሉ። ቀለሙን በልጅነታቸው ከአፈርና ከቅጠል ይቀምሙ እንደነበር ይናገራሉ፤ እኔ ከደረስሁ ወዲህ ግን ከፒያሳ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ነበር የሚገዙት። ሽታው ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። የሥዕሉን ሕግ ገና ፊደል ሳልቆጥር አስተምረውኛል። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጥእና ሰይጣን በጎናቸው ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ግድግዳ ፊት የቆመ ምእመን ማን ማን እንደሆነ ሳይነግሩት የሚያውቀው በዚህ ነው።

በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ ታደገ የሚባል ወንድም ነበረኝ። አባባ ብሩሹን ሊያወርሱት ይፈልጉ ነበር፤ እሱ ደግሞ ልቡ መኪና ላይ ነው። አንድ ቀን የጊዮርጊስን ፈረስ ቀለም እየሞላ ሳለ ብሩሹን ውኃው ውስጥ አስቀመጠና "አባባ፣ እኔ የቆመ ፈረስ ሰልችቶኛል፤ የሚሄድ ነገር ነው የምወድ" አላቸው። አባባ የመለሱለትን እዚህ ላይ አልጽፈውም። በሳምንቱ በጭነት መኪና ወደ አሥመራ፣ ከዚያም ወደ ምፅዋ ወረደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን። በሁለተኛው መርከብ ላይ ሥራ ማግኘቱን ነገረን። "ሸጋ መርከብ ናት፤ ነገ እንነሳለን" ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስተኛው ተጋመሰ። እማዬ ከገበያ ጥቁር ጨርቅ ገዝታ ሣጥን ሥር አስቀመጠችው። አልለበሰችውም፣ አልመለሰችውም። ሰው "ልጅሽ እንዴት ነው?" ሲላት "ደኅና ነው" ማለትም "የለም" ማለትም ስለማትችል ወደ ቅዳሜ ገበያ መሄዱን ለእኔ ተወችልኝ።

መጽሐፉ የመጣው በዚህ መካከል ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ህንዳዊ መምህር ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሲዛወር፣ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ካለነው ሁለት ሴቶች አንዷ እኔ ስለነበርሁ ይሁን ስለሌላ፣ ጠርቶ አንድ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ሰጠኝ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ ወረቀቶቹን የያዛቸው አንድ ላላ ያለ ክር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ገጽ እንደ መስኮት በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፈለ ነው። በየመስኮቱ ውስጥ ራሳቸውን ክብ ብርጭቆ ውስጥ የከተቱ ሰዎች፣ ጥቁር ሰማይ፣ እንደ ጦር ቀጥ ብላ የቆመች መርከብ። ይዤው ወደ ቤት ስመለስ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ዶፍ ዝናብ ያዘኝ። ስሮጥ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ክሩ ተበጠሰ። ወረቀቶቹ ጭቃው ላይ ተበተኑ፤ አንዲት አህያ በላያቸው ላይ አለፈች። ያገኘሁትን ለቃቀምሁ። ስንቱ እንደጠፋ አላውቅም፤ ገጾቹ ቁጥር የላቸውም ነበር። ቤት ገብቼ ምድጃ ዳር አደረቅሁና እንደመጣልኝ ደረደርኋቸው። መውደቄን ለማንም አልተናገርሁም።

አባባ በማግስቱ አዩት። መነጽራቸውን አድርገው በር ላይ ባለችው በርጩማ ተቀመጡና እስከ ምሳ አልተነሱም። ታሪክን ከፋፍሎ በተከታታይ መሣል ሥራቸው ነውና አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ጊዜ መታየቱ አልገረማቸውም። ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። "ዘርፌ፣ ነይ እስቲ" አሉኝ። ሄድሁ። ጣታቸውን አንዱ ሰውዬ ላይ አሳርፈው "ይሄን ክብ ነገር እይው፤ አክሊለ ብርሃን ነው። ጻድቅ ነው ማለት ነው። ግን በአንድ ዓይን ሥለውታል። እዚህ ደግሞ ያው ሰው በሁለት ዓይኑ አለ። እዚህ ተመልሶ በአንድ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ?" አሉ። "እንጃ አባባ" አልሁ። "ከአፋቸው የሚወጣው ነጭ ደመናስ? ነፍሳቸው ነው?" "እሱስ ንግግራቸው ነው፤ ውስጡ ጽሕፈት አለበት።" "እንግዲያ አንብቢልኝ።"

እንዴት አድርጌ ላንብብላቸው። የኔ እንግሊዝኛ ብዕርና ደብተር፣ ላምና ወንበር ነው። ሆኖም ያለኝ ሁሉ እሱ ነውና ጀመርሁ። መንኮራኩሯን መጽሐፉ "ሺፕ" ስለሚላት መርከብ አልኋት። አባባ ቀና አሉ። "ባሕሩ የታለ?" "ባሕር የለም። ስፔስ ውስጥ ናቸው ይላል።" "ስፔስ ምንድን ነው?" መምህራችን ስንጽፍ "ስፔስ ተዉ" ይለን ነበርና "በቃልና በቃል መካከል የሚተው ባዶ ቦታ ነው" አልኋቸው። አባባ የቅኔ ቤት ሰው ናቸውና ይህ የጣማቸው ይመስለኛል። በሌላ ቀን ደግሞ "ኦርቢት" የሚል ቃል ገጠመኝ። ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚቆለፍበት መዝገበ ቃላት አስፈቅጄ አየሁት። ዓይን የሚቀመጥበት የአጥንት ጉድጓድ ነው ይላል። ከሥሩ የሰማይ አካል የሚዞርበት መንገድ የሚል ሌላም ትርጉም ነበረው፤ እኔ ግን ወደ ታች አላነበብሁም። ቤት ሄጄ "መርከቧ ዓይን ውስጥ ገባች" አልኋቸው።

"የማን ዓይን?"

"አይናገርም።"

አባባ ብሩሹን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ገጹን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

እንዲህ እንዲህ እያለ አባባ መጽሐፉን እንደገና ይሥሉት ጀመር። በወፍራም ወረቀት፣ በራሳቸው አሣሣል፣ በቀይና በሰማያዊ። ደጉን ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን አድርገው ፈረንጁ ያበላሸውን ሊያቃኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፤ ይህን ለማወቅ ታሪኩን ማወቅ አለባቸው፤ ታሪኩ ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ እኔ ዘንድ ደግሞ የለም። ከአንዱ ደብር ለሥራ ተጠርተው እንኳ "ጥቂት ቆዩኝ" ብለው ቀሩ። ሁለት ገጾችን ግን ሊነኳቸው ፈርተው ለብቻ አስቀመጧቸው። በአንደኛው አንድ ሰው ገመዱ ተቆርጦ፣ እጅና እግሩን ዘርግቶ፣ ጥቁሩ ባዶ ውስጥ ብቻውን ይንሳፈፋል። በሁለተኛው አንድ ሰው ብርጭቆውን ከራሱ አውልቆ በብብቱ ይዞ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ አንዲት ሴት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ትስመዋለች። የተንሳፋፊው ፊት በብርጭቆው ነጸብራቅ ተሸፍኗል። አንድ ሰው ይሁኑ ሁለት ለመለየት አይቻልም።

በሰኔ መጀመሪያ የእናቴ ወንድም አያ በሪሁን ከማክሰኝት መጣ። አርሶ አደር ነው፤ ቁጥብ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ምሳ ተበልቶ እጅ ከተታጠበ በኋላ ነገሩን አነሣው። "አለቃ፣ እኔ ነገር ማርዘም አልወድም። ልጁ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ይሄ ሁሉ ዘመድ በየቤቱ ያወራል። ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ተዝካር ሳይወጣለት ነፍሱ ምነው ትንከራተታለች? እህቴስ ምነው ቁርጧን አታውቅ?" እማዬ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አባባ ወደ ወረቀቶቻቸው አዩ። "ይሄን ልጨርስ" አሉ። "ምኑን?" አለ አያ በሪሁን። "መጽሐፉን።" እማዬ ከቆመችበት "ልጄን በወረቀት ነው የሚጠብቁት፣ አለቃ?" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አያ በሪሁን በቅሎውን ሊያጠጣ ሲወጣ አባባ ጠሩኝ። ሁለቱን ገጾች ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አኑረዋቸዋል። "ዘርፌ፣ መምህሩ ሲሰጥሽ መጽሐፉ በደህና የተሰፋ ነበር አይደል? ቀድሞ የቱ ነበር?" አሉኝ። "መሳሙ ቀድሞ ከሆነ ስንብት ነው። መንሳፈፉ ቀድሞ ከሆነ ተመልሷል።" እውነቱን ብናገር መጽሐፉን መጣሌን መንገር አለብኝ። ግን እሱ ብቻ አልነበረም ያስፈራኝ፤ ፊታቸው ነው። አባቴ እንደዚያ ሆነው ሲያዩኝ አይቼ አላውቅም። "መንሳፈፉ ቀድሞ ነው" አልሁ። "መሳሙ መጨረሻው ገጽ ላይ ነበር።" "በእርግጥ?" "በእርግጥ።" አባባ ተነሱና ወደ አያ በሪሁን ወጡ። ተዝካር እንደማይኖር ነገሩት። እሱም በዚያው በቅሎውን ጭኖ፣ እማዬን እንኳ ሳይሰናበት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ግልጽ አድርጌ መናገር አልችልም። አባባ የመሳሙን ሥዕል በሁለት ዓይን፣ በወርቃማ ቀለም ሠርተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሥራ ጀመሩ፤ ምግብም ይበሉ ጀመር። እማዬ ግን ከእሳቸው ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ተወች። ሰዎች ደግሞ ያወሩ ነበር። አንዳንዱ አለቃ አእምሯቸው ተነክቷል ይላል፤ አንዳንዱ ደብዳቤ ደርሷቸው ነው ይላል። እኔን ሌሊት ሳይሆን ቀን ቀን ነበር የሚያስጨንቀኝ፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጥቁር ሰሌዳውን ሳይ ያ ሰው ይንሳፈፍብኛል። ራሴንም እስክጠራጠር ደረስሁ። ምናልባት እውነት መሳሙ መጨረሻ ላይ ነበር ይሆን? መምህሩ ሲሰጠኝ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ አላየሁም ወይ? አይቻለሁ ብዬ አምንና ደግሞ አላየሁም እላለሁ።

በመጨረሻ አላስቻለኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ደጅ ስንዴ ስታሰጣ አጠገቧ ተቀመጥሁና ነገርኋት፤ መውደቄን፣ አህያዋን፣ ውሸቴን። "እንግዲያ ምንም የሚታወቅ ነገር የለም" አለች። "የለም እማዬ።" "ሄጄ ለአባባ ልንገራቸው?" ስላት ወደ ቤቱ ውስጥ አየች። አባባ ሰማያዊ ቀለም እየበጠበጡ በአፍንጫቸው ያዜማሉ። "ተይው" አለች። "ሰው እንደገና ማየት ጀምረዋል፤ ተያቸው ይሣሉ።" ያን ማታ አንድ መሶብ ላይ በላን።

ታደገ የመጣው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ፀሐይዋ ወጣ ስትል ነው። አውቶቡስ አውቶፓርኮ አራግፎት በእግሩ መጣ። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ከስቷል፣ የሰፋ ግራጫ ኮት ለብሷል። እማዬ በሩ ላይ ቆሞ ስታየው "ማንን ፈለጉ?" አለችው፤ አንቱ አለችው። "እማዬ" አለ። እጇን ወደ ፊቱ ሰደደችና እንደ ዕውር ዳሰሰችው፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን። አባባ ብሩሽ እንደያዙ ከጓሮ መጡና ከኋላው ቆሙ። ልጁ ዞር ሲል የአባቱ ጋቢ ሰማያዊ ቀለም ኮቱ ላይ እስኪቀር ተቃቀፉ። እኔ ግን ምን እንደተሰማኝ እስካሁን አላውቅም። ደስታ ነው፤ ሆኖም ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። የዋሸሁት ነገር እውነት ሆኖ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። እንዳመሰግን ነው ወይስ ንስሐ እንድገባ? የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው እሳቸውም ግራ ገባቸውና "ለማንኛውም ስገጂ" አሉኝ።

የታደገ ታሪክ አጭር ነው። መርከቧ ገና ኤደን ወደብ ሳትደርስ ታመመ፤ እዚያ ስትደርስ አውርደውት ሄዱ። ከሆስፒታል ሲወጣ በዳቦ ጋጋሪ ቤት ተቀጠረ፤ ሦስቱንም ዓመት ሊጥ ሲያቦካ ኖረ። "ምነው አልጻፍህ?" ስትለው እማዬ፣ "መርከበኛ ነኝ ብዬ ሄጄ፣ ሊጥ አቦካለሁ ብዬ ልጻፍ?" አላት። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሮ "የቆመ ፈረስ ሰለቸኝ ብያችሁ ምድጃ ፊት ቆሜ ቀረሁ" አለ። አባባ "ምድጃም ሥራ ነው" አሉት። በመካከላቸው የነበረው ሁሉ በዚህ አለቀ።

እንግሊዝኛ ግን ተምሮ መጥቷል። በሦስተኛው ቀን አባባ መጽሐፉን አወጡለት። ታደገ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ ከዚያ ሁለት ቦታ ይከፋፍላቸው ጀመር። "አባባ፣ ይሄ አንድ ታሪክ አይደለም" አለ። "ሁለት ነው። የሁለት የተለያዩ መርከቦች ታሪክ ነው የተቀላቀለው።" እኔ ጭንቅላቴን ደፋሁ። "እኔ ነኝ፤ ጭቃ ላይ ጥዬው ነበር" አልሁ። አባባ "እህ" ብቻ አሉ። ዓይናቸው ታደገ እጅ ላይ ነው። "ይሄ ደጃፍ ላይ የሚሳመው የመጀመሪያዋ መርከብ አዛዥ ነው፤ በሰላም ተመልሷል" አለ ታደገ። "ገመዱ የተቆረጠው ከሌላዋ ነው።"

"እሱስ?" አሉ አባባ።

"አይታወቅም። የሱ መጨረሻ ገጾች የሉም።"

አባባ ልጃቸውን አዩት። ልጃቸው ከፊታቸው ተቀምጧል፤ ከእንግዲህ ሌላው ሰው ምን ይሆናቸዋል ብዬ አሰብሁ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከእጁ ተቀበሉና "እንግዲያ ይሄን ልጅ ማን እየጠበቀው ነው?" አሉ።

በማግስቱ አባባ አዲስ ወረቀት ወጠሩ። ሁለት ቀን ሠሩት። የተከፈተ በር ነው፤ በሩ ውስጥ ማንም የለም። በግራና በቀኙ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ወደኛ መልሰው በሁለት ሁለት ዓይን ያያሉ። ከበላያቸው ጥቁር ሰማይ ነው። እማዬ ውኃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ አየችው።

"እናቱ ናት?" አለች።

"እናቱ ናት።"

"ልብሷ ሳሳ። ገና ብዙ ትቀመጣለች፤ ጋቢ ይደርቡላት።"

አባባ ነጩን ቀለም ከፈቱና ደረቡላት።